በፈረንሳይ የነርስ ትምህርት ቤት አመራረጥ፦ ከወረቀቱ እስከ መጀመሪያው ስታዥ

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለተግባር ልምምድ፣ ማለትም ለስታዥ፣ የተመደብኩበት የአረጋውያን መኖሪያ ከከተማ ወጣ ባለች መንደር ውስጥ ነበር። ሥራ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ነው። ወደ መንደሯ የሚሄደው የመጀመሪያው አውቶቡስ ደግሞ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ይነሣል። መኪና አልነበረኝም፤ መንጃ ፈቃድም እንዲሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ያመላለሰችኝ እዚያው የምትሠራ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ትምህርት ቤቱን ስመርጥ የጠየቅሁት «ስም አለው ወይ?» ብዬ ብቻ ነበር። ስሙ ግን ከአልጋዬ አንሥቶ መንደሯ አላደረሰኝም።

ዛሬ ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች ያንኑ የድሮ ጥያቄዬን ይዘው ይመጣሉ፦ «የትኛው ይሻላል?» በፈረንሳይ የነርስነት ዲፕሎማ የመንግሥት ዲፕሎማ ነው። በፓሪስ ትልቅ ሆስፒታል ሥር የተማረውም፣ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ የተማረውም የሚይዙት ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። ኢፍሲ ተብለው የሚጠሩት የነርስ ማሠልጠኛ ተቋማት በመላ አገሪቱ ከሦስት መቶ በላይ ናቸው፤ የሚያስተምሩትም አንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በወጣው ደንብ መሠረት ስድስት ሴሚስተር ይፈጃል፦ 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,100 ሰዓት በተግባር ልምምድ። ደንቡ እየተሻሻለ ስለሆነ የእርስዎ ዙር በየትኛው እንደሚማር ይጠይቁ። ለማንኛውም መፈለግ ያለብዎት ሦስቱን ዓመት ሳያቋርጡ ሊጨርሱ የሚችሉበትን ቦታ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምጽፈው የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው ፈረንሳይ ውስጥ ለሚኖሩ ነው። ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በቤልጅየም ክፍል የባችለሩ ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ በስዊዘርላንድ ሮማንድ ሦስት ዓመት ሆኖ አገባቡ ሌላ ነው፤ ኬቤክም የራሱ ሥርዓት አለው። ለነዚያ ይህ መመሪያ አያገለግልም።

አንደኛ፦ የሚገቡበትን በር ይለዩ

ማመልከቻው የሚቀርብበት ጊዜ፣ ፈተናውና ከፋዩ የሚለያዩት በበሩ ነው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት መዘርዘሩ ይቆይ።

የመጀመሪያው በር ፓርኩርሱፕ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። የድሮው የመግቢያ ፈተና ከ2019 ጀምሮ ቀርቷል፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ማስረጃ ያለው ሰው በዚህ ያመለክታል። የሚመዘነው ማኅደሩ ብቻ ነው፤ ቃለ መጠይቅ የለም። ስለዚህ «ለኢፍሲ መግቢያ እናዘጋጃለን» እያለ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤት ሲያጋጥምዎ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ያስቡበት። መሰናዶው ራሱ ኢፍሲ አይደለም፤ እዚያ መማርም የኢፍሲ ቦታ አያስገኝም።

ሁለተኛው በር ለብዙዎቻችን የሚሆነው፣ ግን ጥቂቶች የሚያውቁት ነው። ቢያንስ ሦስት ዓመት ሠርቶ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የከፈለ ሰው ባካሎሬያ (የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ባይኖረውም መወዳደር ይችላል። ሥራው የግድ የጤና ሥራ መሆን የለበትም። ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጠፈም፣ ቢሮ ያጸዳም፣ ሕፃን የጠበቀም ይቆጠርለታል፤ በደመወዝ ወረቀት ላይ ይታይ እንጂ። ፈተናው ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ ቃለ መጠይቅና የአንድ ሰዓት የጽሑፍ ፈተና ነው። የጽሑፉ ግማሽ ሰዓት በጤናና በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ መጻፍ፣ ግማሽ ሰዓት ቀላል ስሌት ነው። ቃለ መጠይቁም ጽሑፉም ከ20 ይታረማሉ። በአንዱ ከ8 በታች ያመጣ ይወድቃል፤ ለማለፍም በድምሩ ከ40 ቢያንስ 20 ማምጣት ያስፈልጋል። ምዝገባው በፓርኩርሱፕ ሳይሆን በቀጥታ በትምህርት ቤቶቹ ስለሆነ ቀኑን ከእያንዳንዳቸው ድረ ገጽ ይውሰዱ።

የነርስ ረዳት፣ ማለትም ኤድ ሶኛንት፣ ሆነው የሚሠሩም የሚያልፉት በዚሁ በር ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት በሙሉ ጊዜ የሠሩ ከሆነና ምርጫውን ካለፉ፣ በ2023 በወጣ ደንብ መሠረት የሦስት ወር ልዩ ሥልጠና ወስደው በቀጥታ ሁለተኛ ዓመት መግባት ይችላሉ። አንድ ዓመት ቀላል አይደለም፤ ግን ይህን አሠራር የሚያስተናግዱት ሁሉም ትምህርት ቤቶች ስላልሆኑ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሦስተኛው በር ኢትዮጵያ ውስጥ ነርስ የነበሩ ሰዎች ነው። መራራ ቢሆንም እውነቱ ይነገር፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተገኘ የነርስ ዲፕሎማ ብቻውን ፈረንሳይ ውስጥ አያሠራም፤ የፈረንሳይን ዲፕሎማ ማግኘት ግድ ነው። ቢሆንም የውጭ ዲፕሎማ ላላቸው የተዘጋጀ ፈተና አለ፤ ያለፈ ሰው የትምህርቱ ከፊል ሊቀነስለት ይችላል። አሥር ዓመት ዋርድ ውስጥ ያገለገለች ነርስ ይህን ሳታውቅ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር ከሀ ስትጀምር አይቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ያስተካክሉ፣ በተለይ ስምዎን

ከኢትዮጵያ ያመጡትን ማስረጃ የሚመዝነው ኤኒክ ናሪክ የተባለው ማዕከል ነው። ማስረጃው ከፈረንሳይ የትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። መልሱ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻው ከመከፈቱ ብዙ ወራት ቀደም ብለው ይጠይቁ። አማርኛ የሆነ ሰነድ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ መተርጎም አለበት።

ሰው የሚደናቀፈው ግን በትርጉሙ ሳይሆን በስሙና በዓመተ ምሕረቱ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። መኖሪያ ፈቃድዎ ላይ የአባትዎ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሰፍሯል፤ ትራንስክሪፕትዎ ላይ የአያትዎም ስም ተጨምሯል፤ «ታደሰ» አንዱ ጋ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ጋ በሁለት ኤስ ተጽፏል። ለፈረንሳይ ጸሐፊ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዓመቱ ደግሞ ይብሳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የተወለደ ሰው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2004 ዓ.ም. ነው እንበል። ተርጓሚው ዓመቱን ወደ 2012 ካልመለሰው፣ ያ ሰው በአሥር ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሊቅ ሆኖ ይቀርባል። ተርጓሚውን «የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በግርጌ ጻፍልኝ፤ የስሞቹንም ልዩነት አስረዳልኝ» ይበሉት። ስደተኛ ከሆኑ መመዘኛዎ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ኦፍፕራ፣ የሰጠዎ የልደት ወረቀት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ይስማማ።

ሦስተኛ፦ ትምህርት ቤቱ የማን እንደሆነ ይወቁ

አብዛኞቹ ኢፍሲዎች በመንግሥት ሆስፒታል ሥር ናቸው። በፓሪስ አካባቢ የአሲስታንስ ፑብሊክ፣ በሊዮን የኦስፒስ ሲቪል ሆስፒታሎች የየራሳቸው ኢፍሲዎች አሏቸው። የፈረንሳይ ቀይ መስቀልም በየክፍለ ሀገሩ ያስተምራል። ከነዚህ ሌላ የግል ተቋማት አሉ። እንዲያስተምሩ የሚፈቅደው የክልሉ ምክር ቤት ስለሆነ፣ የማያውቁት ስም ሲያጋጥምዎ በክልሉ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ ይለፉት።

አራተኛ፦ ገንዘቡን ከትምህርቱ በፊት ያስሉ

በመንግሥት ኢፍሲ ዓመታዊ መመዝገቢያው ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሚከፈለው ጋር አንድ ነው፤ ሁለት መቶ ዩሮ አይሞላም። በዚያ ላይ መቶ ዩሮ ገደማ የተማሪዎች አገልግሎት መዋጮ አለ። በግል ተቋም ግን በሺህ የሚቆጠር ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጠቅላላ ወጪውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ከባዱ ክፍያው ሳይሆን ሦስት ዓመት በምን እንደሚኖሩ ነው። የነርስ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ የሚጠይቁት በአብዛኛው ክሩስ ከተባለው የተማሪዎች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከክልሉ ነው፤ ብዙ ሰው ክሩስ ሲጠብቅ የክልሉ ቀን ያልፍበታል። በስታዥ ጊዜ በሳምንት 36 ዩሮ በአንደኛ ዓመት፣ 46 በሁለተኛ፣ 60 በሦስተኛ ይከፈላል። ቁጥሩን አይተው ከፈገጉ ልክ ነዎት፤ ለመጓጓዣና ለቡና ነው። አንደኛ ዓመትን ያለፈ ተማሪ በእረፍት ቀኖቹ በኤድ ሶኛንትነት መሥራት ይችላል፤ እኔም ኪራዬን የከፈልኩት እንዲያ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አሁን ሥራ ላይ ካሉ፣ ተቀበሉኝ ብለው በደስታ የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፉ። ሥራ አጥ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ትምህርቱን ክልሉ ሊከፍልለት፣ ተቀጣሪም በሥራ ለውጥ ፈንድ ደመወዙ ሊቀጥልለት ይችላል፤ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። አስቀድመው የሥራ ፈላጊዎችን መሥሪያ ቤት፣ ፍራንስ ትራቫይን፣ ያነጋግሩ። አርኤስኤ የተባለውን ገቢ ለሌለው የሚሰጥ ድጎማ እየተቀበሉ ከሆነም፣ ተማሪ ሲሆኑ በመደበኛው ደንብ ይቋረጣልና ከማኅበራዊ ሠራተኛዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይመዝገቡ።

ከሆስፒታል ጋር ውል ገብተው እየተከፈላቸው የሚማሩም አሉ። ጥሩ መንገድ ነው፤ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያስቀምጥዎ፣ ቢወድቁ ወይም ቢወልዱ ምን እንደሚሆን ግን ውሉ ላይ በራስዎ ዓይን ያንብቡ።

አምስተኛ፦ ትምህርት ቤቱን በስታዡ ይመዝኑ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ስታዡ 60 ሳምንት ነው፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር 5፣ በተከታዮቹ አራት አሥር አሥር፣ በመጨረሻው 15። በአራት ዓይነት ቦታ ያልፋሉ፦ አጣዳፊ ሕክምና፣ የአእምሮ ሕክምና፣ የረጅም ጊዜ ሕክምናና ማገገሚያ፣ እንዲሁም እንደ ትምህርት ቤትና ቤት ለቤት አገልግሎት ያሉ የመኖሪያ ቦታዎች። በአብዛኛው ቦታውን የሚመድበው ትምህርት ቤቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ስለዚህ ኢፍሲ ሲመርጡ የሚመርጡት ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የተበተኑትን ሆስፒታሎችና መንገዶች ጭምር ነው።

ካርታ ያውጡ። ትምህርት ቤቱ የሚሠራባቸውን ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መኖሪያዎች ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ከቤትዎ እስከ እያንዳንዱ ያለውን መንገድ በስልክዎ ይፈልጉ፤ ግን የመድረሻ ሰዓቱን 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት፣ ቀኑን እሑድ አድርገው። የቀን እኩሌታ ፍለጋ ያታልላል። በትልቅ ከተማ ባቡር በጊዜ ይነሣል፣ ኪራዩ ግን ወገብ ይሰብራል። በትንሽ ከተማ ኪራዩ ይረክሳል፤ ተማሪው ጥቂት ስለሆነ መምህራኑ በስም ያውቁዎታል፤ አንዳንድ ሆስፒታል ማደሪያም ይሰጣል። መኪና ከሌለ ግን የእኔ ዕጣ ይደርስዎታል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ትንሽ ከተማ ከመረጠ ምዝገባውንና የመንዳት ትምህርቱን በአንድ ዓመት ይጀምር እላለሁ። ልጅ ካለዎት ደግሞ ሆስፒታሉ የሕፃናት ማቆያ እንዳለው፣ ተማሪም እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ 12 ሰዓት ላይ የሚከፍት የከተማ ማቆያ ብርቅ ነው።

ስድስተኛ፦ በክፍት ቀን ይሂዱና ይጠይቁ

ትምህርት ቤቶቹ በራቸውን የሚከፍቱት ባብዛኛው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ዳይሬክተሩ ንግግር ያደርጋል፣ ባለ ፕላስቲክ አሻንጉሊቱ የልምምድ ክፍል ይጎበኛል፣ ብስኩት ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ጥግ ላይ ቆመው ስልካቸውን የሚያዩትን የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ይፈልጉ። እውነቱ እነሱ ዘንድ ነው።

«ባለፈው ሴሚስተር ከሁላችሁ ሩቅ የተመደበው የት ነበር?» ይበሉ። «በስታዥ መሀል ችግር ቢገጥማችሁ ማን ስልክ ያነሣል?» ይበሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚከታተለው መምህር አለው፤ ጥያቄው በሴሚስተር ስንት ጊዜ እንደሚያየው ነው። አንዲት ተማሪ «ስሙን አውቃለሁ» ብላኝ ዝም አለች፤ ያንን ትምህርት ቤት ከዝርዝሬ ሰረዝኩት።

ዳይሬክተሩን ደግሞ ስለ ውጤት ይጠይቁ፣ ግን አጠያየቁ ጥበብ ይፈልጋል። «ለፈተና ከቀረቡት ስንቱ አለፉ?» ቢሉ ሁሉም ደስ የሚል ቁጥር ይነግርዎታል። «ከሦስት ዓመት በፊት ከገቡት ስንቱ በጊዜው ተመረቁ?» ይበሉ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ክፍተት በየመንገዱ የቀሩት ናቸው።

ለእኛ ሰዎች ሌላም ጥያቄ አለ። በመንግሥት ሆስፒታል ስታዥ ላይ ያለ ተማሪ እንደ ሠራተኛው የሃይማኖት ገለልተኝነት ግዴታ አለበት፤ የሚታይ መስቀል፣ ማተብ፣ ሒጃብ አይፈቀድም። ክፍል ውስጥ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2017 ይህን ልዩነት አስቀምጧል። በእጅና በእጅ አንጓ ላይ ደግሞ ለንጽሕና ሲባል ቀለበትም፣ አምባርም፣ የጥፍር ቀለምም የለም። ይህን አስቀድሞ አውቆ መወሰን፣ በመጀመሪያው ጠዋት በልብስ መቀየሪያ ክፍል ከመከራከር ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ማመልከቻውና ፈተናው

በፓርኩርሱፕ ፍላጎት የሚመዘገበው ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ነው፤ ማኅደሩ በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል፤ መልሱ በጁን መጀመሪያ ይጀምራል። ኢፍሲዎቹ በዩኒቨርሲቲ ዙሪያ በቡድን የተደራጁ ናቸው። እስከ አምስት ቡድን መምረጥ ይቻላል፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ግን የፈለጉትን ያህል ምልክት ማድረግ ይችላሉ። ማኅደርዎ በቡድኑ የሚታየው አንድ ጊዜ ነው። ታዲያ ከቡድኑ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ መርጦ መቀመጥ ዕድልን በራስ እጅ ማጥበብ ነው፤ በካርታው ያለፉትን ሁሉ ያስገቡ። በካርታው የወደቁትን ግን፣ «ለምናልባቱ» ብለውም ቢሆን አያስገቡ፤ ምናልባቱ ይደርሳልና።

ፍላጎትዎን ሲጽፉ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለውን ለሌሎች ይተዉላቸው። አንድ ነገር ያሳዩ፦ የታመመች አያትዎን ስንት ወር እንዳስታመሙ፣ ሐኪም ጋ ለጎረቤት ሲያስተረጉሙ ምን እንዳልገባዎት፣ ከዚያ ምን እንዳነበቡ። የሚፈልጉት ለሰው ያለዎትን አቀራረብ፣ አነጋገርና አጻጻፍ፣ የስሌት ችሎታና ራስን ማደራጀት ነው።

በሁለተኛው በር የሚገቡ ከሆነ ለቃለ መጠይቁ ጮክ ብለው ይለማመዱ። ፈረንሳይኛዎ ቤ ደ (B2) ካልደረሰ፣ ማለትም በቋንቋ ፈተናዎቹ አራተኛውን ደረጃ ካልያዘ፣ አንድ ዓመት ቢዘገዩ አይጎዱም። ፈተናውን ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ በፈረቃ መለዋወጫ ላይ ስለ ዐሥራ ሁለት ሕሙማን በችኮላ የሚነገረውን መከታተል ግን ሌላ ነው። ጠያቂዎቹ አረጋዊት ሴት እንዴት እንደሚያነጋግሩ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። እኛ አገር «እማማ» ማለት አክብሮት ነው፤ እዚህ «ማሚ» ብሎ መጥራት እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። «ማዳም» ብሎ ከነስሟ፣ እንደ «እርስዎ» በሚያገለግለው «ቩ»። ይህን ልዩነት በራስዎ አፍ ቢያስረዱ ያስታውሱዎታል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፣ ግን ወጥመድ አለው። እኛ ከእንግሊዝኛ እንደተማርነው 1,000 ስንል አንድ ሺህ ነው። ፈረንሳዮች ግን ነጠላ ሰረዙን በአሥርዮሽ ነጥብ ቦታ ነው የሚጠቀሙት፤ ለእነሱ 1,000 ግራም አንድ ግራም ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ይህ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በመድኃኒት ላይ ሺህ እጥፍ ነው። ገብተው ሲማሩ ደግሞ እንዲህ ያለው በየቀኑ ይመጣል፦ 500 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይለቅ፣ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው። አሥር ሺህ ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 21 ገደማ። ያለ ካልኩሌተር፣ አጠገብዎ ቆማ የምታይ ነርስ እያለች።

ስምንተኛ፦ መልሱን ሲጠብቁ የሚሠራ ሥራ

ቦታ ሲሰጥዎ ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ይመልሱ፤ ዝም ያለ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት ግን አንድ የማይጠብቅ ነገር አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የሌለው ተማሪ ስታዥ አይገባም። በተለመደው አሰጣጥ ሁለተኛው መርፌ ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር ነው፤ የደም ምርመራም ይከተላል። ልጅ ሳሉ ተከትበው ካርዱ ከጠፋ፣ በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በጁን መልሱ ሲመጣ የሚጀምር ሰው እስከ ዲሴምበር አይጨርስም፤ የመጀመሪያው ስታዥ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። ሐኪምዎ ጋ ማመልከቻውን በላኩበት ሳምንት፣ በማርች ይሂዱ። ሦስተኛው መርፌ ሴፕቴምበር ላይ ይውላል፤ ትምህርቱም የሚከፈተው በዚያው ወር ነው።